ሮት ወይስ ትራዲሽናል? ሪፈንዱን ብቻ አትዩ

አባቴ ያረፉ ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ አገር ቤት መግባት ነበረብኝ። ቲኬቱ አለ፣ ለቅሶው አለ፣ አርባው አለ። ያለኝ ገንዘብ ደግሞ ትራዲሽናል አይአርኤ (IRA) በሚባለው የአሜሪካ የግል ጡረታ ቁጠባ አካውንት ውስጥ ነበር። 10,000 ዶላር አወጣሁ። ታክስ ሳሠራ፣ ከጡረታ ዕድሜ በፊት ስላወጣሁ 1,000 ዶላር ቅጣት፣ 1,200 ዶላር የፌዴራል ታክስ መጣብኝ። የምኖርበት የሜሪላንድ ስቴት ታክስ ለብቻው ነው። ገንዘቡን እዚያ ያስገባሁት ታክስ የሚሠራልኝ ሰው “ሪፈንድህ (የሚመለስልህ ታክስ) ከፍ ይላል” ስላለኝ ነበር። ሮት ስለሚባለው ሌላው የአይአርኤ ዓይነት አላነሳልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ትራዲሽናል ዛሬ ታክሱን ያቆይላችኋል፤ በጡረታ ስታወጡ ትከፍላላችሁ። ሮት ላይ ዛሬውኑ ከፍላችሁ ትገባላችሁ። ዕድሜያችሁ 59 ዓመት ተኩል፣ አካውንቱ ደግሞ 5 ዓመት ሲሞላው ዋናውም ትርፉም ከታክስ ነፃ ይወጣል።

እስከ 2025 ድረስ “ታክስ የቀነሰው የ2017ቱ ሕግ ሊያበቃ ነው፣ ታክስ ይጨምራል፣ ቶሎ ሮት አስገቡ” ሲባል ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን እነዚያን መጠኖች ቋሚ አደረጋቸው። የ12 በመቶው የታክስ እርከን ወደ 15 አልተመለሰም። ነገ ኮንግረስ ሊቀይረው ይችላል፤ ዛሬ ግን በችኮላ የሚወሰን ነገር የለም። የራሳችሁን ወረቀት አይታችሁ ወስኑ።

ለምሳሌ እሷ ነርሲንግ ሆም፣ እሱ ፓርኪንግ ይሠራሉ። በ2026 በጋራ 90,000 ዶላር ቢያገኙ፣ ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ (ታክስ የማይታሰብበት የገቢ ክፍል) 32,200 ተቀንሶ ታክስ የሚታሰበው በ57,800 ላይ ነው። ለባልና ሚስት የ12 በመቶው ጣሪያ 100,800 ነው። 7,500 ዶላር ትራዲሽናል ቢያስገቡ የሚቀነስላቸው ታክስ 900 ዶላር ነው። እኔ ብሆን ያንን 900 ዶላር ከፍዬ ሮት እገባለሁ። ምክንያቱም ሮት አይአርኤ ውስጥ ራሳችሁ ያስገባችሁትን፣ ትርፉን ሳይጨምር፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ያለ ታክስና ያለ ቅጣት ታወጣላችሁ። እኛ በሌሊት ስልክ የሚደወልልን ሰዎች ነን። እናት ትታመማለች፣ ወንድም ይቸገራል። በመሥሪያ ቤት በኩል የሚቆጠብበት የጡረታ አካውንት፣ ሮት 401ኬ፣ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ለሁሉም ሮት ይሻላል እያልኩ አይደለም። ሁለታችሁም ነርስ ወይም አይቲ ሆናችሁ 24 በመቶ ውስጥ ከገባችሁ ነገሩ ይገለበጣል፤ የ401ኬው ትራዲሽናል ያዋጣችኋል። በተለይ ጡረታችሁን እንደ ቴክሳስና ኔቫዳ የስቴት ገቢ ታክስ በሌለበት ለማሳለፍ ካሰባችሁ። ኡበር እየነዳችሁ የጤና ኢንሹራንሳችሁን ከማርኬትፕሌስ (መንግሥት ድጎማ ከሚሰጥበት የኢንሹራንስ ገበያ) የምትገዙም ትራዲሽናሉን አስሉት። የሚቆጠረውን ገቢ ዝቅ ስለሚያደርግ የድጎማ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። መሥሪያ ቤታችሁ ማች የሚያደርግ (እናንተ ስትቆጥቡ እሱም የሚጨምርላችሁ) ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በፊት እሱን ሙሉውን ውሰዱ።

“ጡረታዬን አዲስ አበባ ነው የምኖረው” የምትሉም አላችሁ። የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ ቦሌ ተቀምጣችሁም ከትራዲሽናል ያወጣችሁት ታክስ ይታሰብበታል። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው አጋጥሞኛል።

የ2026 የአይአርኤ ጣሪያ 7,500 ዶላር ነው፤ 50 ዓመት ለሞላው 8,600። እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2027 ማስገባት ይቻላል። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ፊት ስትቀመጡ፣ ስለ ሪፈንዱ ከማንሳታችሁ በፊት “ስንት በመቶ ላይ ነኝ?” ብላችሁ ጠይቁት።