መልስ፦ የዲፓርትመንታችንን በረራ ከየት ጀምረን እንቀንስ?

ዙሪክ ያለው ዲፓርትመንታችሁ በረራ ቀንሱ ስለተባለ ከየት እንጀምር ላልሽው፣ ከፓሪሱ መንገድ ጀምሩ። በቲጂቪ (በፈረንሳዩ ፈጣን ባቡር) 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ኤርፖርት ቀድሞ መድረሱንና ፍተሻውን ስትደምሪበት አውሮፕላኑ ያን ያህል አይቀድምም። ከፋይናንስ የጉዞ ሂሳቡን ጠይቂና በባቡር የሚደረስባቸውን ከተሞች ለይተሽ አውጪ፤ ለእነሱ የአውሮፕላን ትኬት አይወራረድም ይባል።

ዋናው የካርቦን ልቀት ግን ያለው ረጅሙ በረራ ላይ ነው፣ እሱን የሚያበዙት ደግሞ ትልልቆቹ ፕሮፌሰሮች ናቸው (ማን ደፍሮ ይንገራቸው!)። ለ20 ደቂቃ ገለጻ አሜሪካ ድረስ ከመሄድ በዙም ያቅርቡ። ቢዝነስ ክላስም ይቅር፣ ወንበሩ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ የአንዱ ተሳፋሪ የካርቦን ድርሻ ይበዛል።

አደራ፣ የማወራረጃ ፎርሙን ቀድመሽ አስቀይሪ። እኛ ጋ መመሪያው ወጥቶም ፎርሙ «ርካሹን ትኬት አያይዙ» ይል ስለነበር፣ ባቡሩ ሲወደድ ሂሳብ ክፍል አልከፍልም አለ፤ ሰዉም ወደ አውሮፕላኑ ተመለሰ።