«ጠይብ ልትሆን ነው ወይ?» ለተባለው የመንዝ ልጅ

ደብዳቤህን ማታ ነው ያነበብኩት፣ ከዛ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ብዙ ደብዳቤ ይደርሰኛል፣ አብዛኛው «የትኛው ዲፓርትመንት ስራ አለው» የሚል ነው። ያንተ ግን እኔንም ድሮ ያመመኝን ቦታ ነካው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልህ፣ ታገሰኝ።

ለሌላው አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ልበል። ልጁ ከመሀል ሜዳ ወጣ ካለ ቀበሌ ነው፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ አመት ማኔጅመንት ይማራል። ሃይስኩል እያለ ከቪዲዮ ቤት በፍላሽ አስጭኖ «ዚና»ን፣ ያችን ሰይፍ የታጠቀች ተዋጊ ሴት፣ ስድስቱንም ሲዝን አይቶ ጨርሶ ከዛ ወዲህ ልቡ እዛው ቀርቷል። መተወን አይደለም የፈለገው፣ የሚለብሱትን ጥሩር (የጦር ልብስ)፣ የሚታጠቁትን ቀበቶ፣ የሰይፉን አፎት መስራት ነው የፈለገው። ባለፈው ክረምት ከበግ ቆዳና ከካርቶን አንድ ጥሩር ሰርቶ ሲያሳያቸው አባቱ «ጠይብ ልትሆን ነው ወይ፣ ለዚህ ነው በግ እየሸጥኩ የማስተምርህ» ብለው ጥሩሩን ከቤት አስወጡት። አሁን ትምህርቱን አቋርጦ አዲስ አበባ 30 ሺህ ብር የሚከፈልበት የፊልም ስልጠና ልግባ ወይ፣ ይሄ ነገር እውነት እንጀራ ይሆናል ወይ፣ እንግሊዝኛዬስ፣ አባቴንስ ምን ልበላቸው ነው ጥያቄው።

በመጀመሪያ የላክልኝን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። ቆዳውን በደንብ አልፍተኸዋል፣ ጸጉሩን ትከሻው ላይ ብቻ ማስቀረትህ ደግሞ ዓይን እንዳለህ ያሳያል፣ ማንም ያላስተማረው ልጅ እንደዛ አያስብም። ቀዳዳዎቹን ግን በጋለ ሚስማር ነው የበሳኸው አይደል? ዙሪያቸው ጠቁሮ ተኮማትሯል። የተቃጠለ ቆዳ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ደግሞ ለጠርዙ በጣም አስጠግተሃቸዋል፣ ሰው ለብሶት እጁን ለሰይፍ ወደ ላይ ሲያነሳ በብብቱ በኩል ተተርትሮ ነው የሚወርደው። ወስፌ ያዝ። ይሄን የምልህ ላሳንስህ አይደለም፣ ስራህን እንደ ስራ ስላየሁት ነው።

አሁን ወደ አባትህ ልምጣ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስለሳቸው በግልጽ ልናገር ነው። ሰውየው ክፉ ናቸው አላልኩም። በግ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ የመንዝ በግ የቤቱ ባንክ ነው፣ ልጄ ቢሮ ገብቶ ደሞዝ ይቁጠር ማለታቸው ከፍቅር ነው። ግን «ጠይብ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ከአፋቸው ሲያወጡት እዚህ ጋ ዝም ማለት አልችልም። ብርዱ ሲጠና የሚደርቡት በርኖስ ከሰማይ ወረደ? ማታ የሚለብሱት ባናስ? ጸጉሩን እናትህ ፈትላዋለች እንበል፣ የሸመነው ማነው? ማረሻቸው ሲዶለዱም ማን ጋ ነው የሚወስዱት? ያ ማረሻቸውን የሚስልላቸው ሰው ቤት ገብተው ቡና ይጠጣሉ ወይ፣ ልጃቸውንስ ለልጁ ይድራሉ ወይ፣ እሱን ጠይቃቸው። በሸዋ ብረት የቀጠቀጠውን ጠይብ፣ ቆዳ ያለፋውን ፋቂ፣ አልፎም ቡዳ እያልን ስንት ባለሙያ እንደገፋን ስናስበው ያሳፍራል፣ እጃቸው የሰራውን እየለበስንና እያረስንበት እነሱን ከማዕድ ማራቅ ምን አይነት ፍርድ ነው!

ደግሞ አዲስ ሀሳብ እንዳይመስላቸው ንገራቸው። አጼ ምኒልክ፣ እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት፣ በ1900 ዓ.ም. ሰራተኛን በስራው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፣ የተሳደበ እኔን እንደሰደበ ነው ብለው። ከመቶ አመት በላይ ሆነው እኮ። አዋጁ ከአንኮበር ገደል ወርዶ ጠፋ ወይስ የኛ ጆሮ ነው?

የራሴን ልንገርህ፣ ምክሬ ከየት እንደሚመጣ እንድታውቀው። እኔ አካውንቲንግ ነው የተመረቅኩት። ሁለት አመት ሙሉ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ሲቪ ጣልኩ፣ አንድ መስሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ለፈተና ጠርቶኝ ለካ ቦታው ቀድሞ ተይዞ ነበር። በመጨረሻ አክስቴ ልብስ ስፌት ቤት ዩኒፎርም መስፋት ጀመርኩ፣ ለአንድ ወር ብዬ ነበር። ዘመድ ሁሉ «ዲግሪ ይዛ መርፌ» አለ። ከዛ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ተማርኩ፣ በኋላም አስተማርኩ፣ ቤቴን የሰራሁት በዛ ነው። ስለዚህ የእጅ ሙያን ስመለከት ዓይኔ ወደሱ ማድላቱን አልክድም። ግን ሰፈራችሁ ውስጥ ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠውንና ሙያ ይዞ የተቀመጠውን አባትህ ራሳቸው ቆጥረው ያወዳድሩ፣ እኔ ሌላ ክርክር የለኝም።

እሺ፣ ነገርየው እንጀራ ይሆናል ወይ ላልከው። አንተ የምታየው ሰይፉን ነው፣ እኔ የማየው ደግሞ ከጀርባው ያለውን የስፌት ክፍል ነው። «ዚና» ከእ.ኤ.አ. 1995 እስከ 2001 ድረስ 134 ክፍል ተሰርታለች፣ የተቀረጸችው ደግሞ ኒውዚላንድ ነው፣ ያኔ ሕዝቡ አራት ሚሊዮን እንኳ ያልሞላ፣ ከሰው በግ የሚበዛበት አገር (መንዝን አላስታወሰህም?)። 134 ክፍል ማለት ለስድስት አመት ያለማቋረጥ አንድ ሰው ቆዳ እየቆረጠ ነው፣ አንዱ ጫማ እየሰፋ ነው፣ አንዱ ጨርቅ እየነከረ ነው። ልብሱን ዲዛይን ታደርግ የነበረችው ንጊላ ዲክሰን ከዛ በኋላ ለትልቅ ፊልም ሰርታ በእ.ኤ.አ. 2004 ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ኦስካር ወስዳለች። እነዚያ ባለሙያዎች ትልቁ ፊልም አገራቸው ሲመጣ እጃቸው ተፍታቶ ነው የጠበቀው፣ ዕድል ብቻ አይደለም።

ደግሞ ስራው ምን እንደሚመስል ልንገርህ፣ ምክንያቱም አንተ አንድ ጥሩር ሰርተህ አበቃ ብለህ ሳይሆን አይቀርም። የዋናዋ ተዋናይ ልብስ አንድ አይደለም፣ እሷ የምትለብሰው አለ፣ በሷ ፋንታ ከፈረስ የምትወድቀዋ የምትለብሰው አለ፣ ንጹሁ አለ፣ ጭቃ የነካው አለ፣ ደም ያለበት አለ፣ ሁሉም ስፌት በስፌት መመሳሰል አለበት ካለዚያ ተመልካች ይነቃል። አዲስ የተሰፋ ቆዳ ካሜራ ላይ ውሸት ይመስላል ስለዚህ ልብስ ማስረጀት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀትና በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ ክርኑና አንገቱ እንዲሳሳ ይደረጋል፣ አፈርና ቀለም ይቀባል። ሰይፉም ቢሆን ካሜራ ሲጠጋ የሚታየው ብረት ነው እንጂ የሚመቱበት ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ወይ ጎማ ነው። ያ ሰንሰለት የሚመስለው ጥሩር ደግሞ አንዳንዴ በወፍራም ክር እንደ ሹራብ ተሰርቶ ብርማ ቀለም የተቀባ ነው፣ እናትህ ብታየው ትስቃለች!

አንድ ሌላ የምወደው ነገር አለ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የሚባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ሰሜን በረዶ ውስጥ ቆመው የሚጠብቁት ዘቦች ትከሻቸው ላይ ያ ወፍራም ጸጉራም ነገር የለም? ሚሼል ክላፕተን የምትባለዋ ዲዛይነር ራሷ እንደተናገረችው ከኢኬያ፣ ማለት ከቤት ዕቃ መደብር፣ የተገዛ ምንጣፍ ነው። ቆረጡት፣ ላጩት፣ የቆዳ ማንገቻ ሰፉበት፣ አቆሸሹት፣ ዓለም ሙሉ የአውሬ ቆዳ ነው ብሎ አየው። እነሱ ምንጣፍ ቆርጠው የፈለጉትን ነገር እኛ ደጅ የቆሎ ተማሪው ደበሎ ብሎ ለብሶት ይሄዳል፣ አንተ ያንን ከማንም በላይ ታውቀዋለህ፣ የትኛው በግ ጸጉሩ እንደማይነቀል፣ በየትኛው ወር የታረደ ቆዳ እንደሚሻል፣ በርኖሱ ለምን ዝናብ እንደማያስገባ። ይሄ እውቀት ነው ወንድሜ፣ አባትህም ያውቁታል፣ እውቀት ነው ያላቸው ሰው ግን የለም።

ግን አልዋሽህም። ዛሬ አገራችን ውስጥ ሰይፍና አስማት ያለበት ተከታታይ ድራማ ይዞ ጥሩር የሚሰፋልኝ አጣሁ እያለ የሚጠብቅህ ፕሮዳክሽን የለም። ስለዚህ ሙያህ ፊልሙ ሳይኖርም የሚያበላህ መሆን አለበት፣ እኔ አጥብቄ የምልህ ይሄን ነው። ቆዳ ያዝ። ኮርቻና ልጓም መስራት የቻለ ሰው በኛ በኩል ስራ አይፈታም፣ ፈረስና በቅሎ ያለበት አገር ነው፣ ደግሞ እንዲህ ያለ ተከታታይ ፊልም ያለ ፈረስ አይሆንም። ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ የጫማ ጥገና አለ። የካቲት 23 ሲደርስ ጎፈር፣ ለምድና ጋሻ የሚፈልገውን ሰው አስበው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የባህል ቡድኑ፣ ፎቶ ቤቱ፣ አብዛኛው የሚያገኘው በሙጫ የተለጠፈ ካርቶን ነው። አስር ጋሻና አስር ለምድ በደንብ ሰርተህ ብታከራይ መልሰው መላልሰው ይከራዩሃል፣ ስራህንም የድራማ ሰዎች የሚያዩት በዛ ነው፣ ስልክህ ላይ ባለ ፎቶ ብቻ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲውን አታቋርጥ። ይሄን ለአባትህ ብዬ አይደለም፣ ዶርምና ምግብ አለህ፣ ቅዳሜና እሁድ ነጻ ነህ፣ ከተማ ወጥተህ እንደዛ የሚያኖርህ የለም። ሰኞ የሂሳብ ሌክቸር ቅዳሜ አንድ ቆዳ ሰፊ ጋ ተቀመጥ፣ መጀመሪያ ያለ ክፍያም ቢሆን፣ ክር ሰም እየቀባህም ቢሆን። ክረምት ላይ መንገዱ ሰላም ከሆነና ደብረ ብርሃን መቆየት ከቻልክ ቴክኒክና ሙያ የቆዳ ወይ የጋርመንት አጭር ስልጠና ጠይቅ፣ ከዛ ደረጃውን ይዘህ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈተን። ማኔጅመንቱም አይጠላም፣ አንድ ጥሩር ስንት ካሬ ጫማ ቆዳ እንደሚበላ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስልቶ ዋጋ መጥራት ያቃታቸው ብዙ ጎበዝ እጆች ሲከስሩ አይቻለሁ።

30 ሺህ ብሩን አትክፈል። በሶስት ወር ውስጥ ዳይሬክቲንግም አክቲንግም ካሜራም የሚያስተምር ቤት መርፌ አያስይዝህም። ከዛ ላይ ትንሹን ቆርሰህ ጥሩ ወስፌ፣ ቢላ፣ መብሻና ሰም የጠጣ ክር ግዛ።

እንግሊዝኛው ከስራው ጋር ይመጣል፣ የውጭ ቆዳ ሰፊዎችን ቪዲዮ እያየህ የመሳሪያውን ስም ያዝ፣ አትጨነቅበት።

አባትህን በክርክር አታገኛቸውም፣ ከላይ የጻፍኩትንም እንዳለ አታንብብላቸው፣ እሱን የጻፍኩት ላንተና እንዳንተ ላሉት ነው። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ የበቅሏቸው የእርካብ ጠፍር ተበጥሶ በሲባጎ ታስሯል ብለህ ነበር፣ አንተ ሳታስበው ጽፈኸው ይሆናል እኔ ግን እሱ ላይ ነው የቆምኩት። ለፋሲካ ስትሄድ ጠፍሩን አዲስ አድርገህ ስራላቸው። ሁለቱንም ወገን፣ አንዱ ብቻ አዲስ ከሆነ አንዱ ይረዝምና በቅሎዋን ያቆስላታል። ድርብ ስፌት ይሁን፣ ቀዳዳው ከጠርዙ ግማሽ ጣት ይግባ፣ የጋለ ሚስማር እንዳታስነካው። ምንም ሳትል ኮርቻው ላይ አስረህ ተወው፣ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ እግራቸውን እርካቡ ላይ ሲያስቀምጡ ያውቁታል።

ከመሄድህ በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ በጀርባው በኩልም አንሳው፣ ቋጠሮውን ማየት እፈልጋለሁ።