ኦቾሎኒዬን ነጠብጣብ ጨረሰው፤ ከዱር የተዳቀለ ዘር ያዋጣኛል?

ጥያቄ፦ ባቢሌ አካባቢ ኦቾሎኒ አመርታለሁ። አበባ ካወጣ በኋላ ቅጠሉን ጥቁር ነጠብጣብ ይይዘውና ይረግፋል። ስነቅለው ፍሬው ተበጥሶ መሬት ውስጥ ይቀራል። ከዱር ኦቾሎኒ ጋር ተዳቅሎ በሽታ የሚችል ዘር አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እኔስ ራሴ ማዳቀል እችላለሁ?

መልስ፦ እውነት ነው። ማዳቀሉን ግን ለተመራማሪ ይተዉት።

በቅድሚያ በሽታውን እንለይ። ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት። ነጠብጣቡ ቡናማ ሆኖ ዙሪያው ቢጫ ከሆነ ቀድሞ የሚመጣው የቅጠል ነጠብጣብ ነው። ከሥር በኩል ጥቁርና ሻካራ ከሆነ ዘግይቶ የሚመጣው ነው። በጣት ሲነኩት ብርቱካናማ ዱቄት ከተወ ደግሞ ዋግ ነው። እርስዎ እንደነገሩኝ ከሆነ ዘግይቶ የሚመጣው ይመስለኛል። ቅጠል ሲረግፍ ፍሬውን የያዘው ቀጭን አካል ይደክማል፤ ሲነቅሉት የሚበጠሰውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዱሩ እንምጣ። የምናመርተው ኦቾሎኒ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ከሁለት የዱር ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ነው። ጊዜው 10 ሺህ ዓመት ገደማ ይሆናል። ዘሩ የተነሳው ከጥቂት እናት ተክል ስለሆነ በውስጡ ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። በሽታን የሚችልበት ሀብት ብዙ የለውም። ዱር የቀሩት ዘመዶቹ ግን ያለማንም እንክብካቤ ከነጠብጣቡና ከዋጉ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል።

ችግሩ መዳቀሉ ላይ ነው። የእርሻው ኦቾሎኒ 40 ክሮሞዞም (የዘር ውርስን የሚሸከም የሕዋስ ክፍል) አለው፤ አብዛኞቹ የዱር ዘመዶቹ ደግሞ 20። ሁለቱን ቢያዳቅሏቸው ልጁ 30 ይዞ ይወጣና እንደ በቅሎ መካን ይሆናል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ኮልቺሲን በሚባል ኬሚካል ክሮሞዞሙን ወደ 60 ያሳድጉታል። ከዚያ ከእርሻው ኦቾሎኒ ጋር እየደጋገሙ ያዳቅሉታል፣ 40 እስኪመለስ። ማዳቀሉ ራሱ ፈተና ነው። አበባው ማለዳ ሳይከፈት ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ወንዴውን ክፍል ዋዜማውን ማታ በመቆንጠጫ ለቅሞ ማውጣት ያስፈልጋል። የዱሩ ፍሬም ኮስማና ነው። በሽታ መቻሉ ሲመጣ የምርት ማነሱም አብሮ ይመጣልና እሱን አጥርቶ ማስወጣት ዓመታት ይፈጃል።

ቢሆንም ተሳክቷል። አራኪስ ካርዴናሲ የተባለው የቦሊቪያ ዱር ኦቾሎኒ በ1960ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች) አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከእርሻው ጋር ተዳቀለ። ዘሩ ሕንድ ወደሚገኘው ኢክሪሳት የምርምር ተቋም ተላከ፣ ከዚያም በብዙ አገር ተሰራጨ። ሕንድ ውስጥ የሚመረተው ጂፒቢዲ 4 የተባለው የኦቾሎኒ ዝርያ ዋግንና ዘግይቶ የሚመጣውን ነጠብጣብ የሚችለው ከዚሁ ዱር ባገኘው ውርስ ነው።

የእኛም ተመራማሪዎች ከኢክሪሳት ዘር እያመጡ ይሞክራሉ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለእናንተው አካባቢ ዝርያ ሲያወጣ ቆይቷልና እዚያ ይጠይቁ። «ምርጥ ዘር አለ ወይ?» ብቻ ብለው አይለፉ። ዘግይቶ የሚመጣውን ነጠብጣብ ይችላል ወይ? በስንት ቀን ይደርሳል? ሁለተኛው ጥያቄ ወሳኝ ነው። በሽታ የሚችሉት ብዙ ጊዜ ዘግይተው ይደርሳሉ፤ የባቢሌ ዝናብ ደግሞ ቶሎ ያቆማል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ከማሳዬ ጥግ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ዘርቼ ከነባሩ ጋር አስተያየው ነበር። ደግነቱ ኦቾሎኒ እንደ ድቅል በቆሎ በየዓመቱ ዘር አያስገዛም። ከወደዱት የራስዎን ዘር ያስቀሩ።

እስከዚያው ማሳውን በማሽላ ያፈራርቁ። ካለፈው ዓመት ወድቆ የበቀለውን ኦቾሎኒ ሳያድግ ይንቀሉት፤ በሽታው የሚያድረው እሱ ላይ ነው። ክሎሮታሎኒል ያለበት መድኃኒት የሚረጩ ከሆነ ነጠብጣቡ እንደታየ ይጀምሩ፣ ቅጠሉ ረግፎ ካለቀ በኋላ መርጨት ገንዘብ መጣል ነው። ከተረጨ ማሳ የተነሳውን ገለባ ደግሞ ለከብት እንዳይሰጡ።