መልስ፦ የሚሚኪዩ አንገት ሲታጠፍ ሞተች ማለት ነው?

ሰላም ወንድሜ፣ እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ታናሽ እህትህ የሚሚኪዩ (በፖኬሞን ቪዲዮ ጨዋታ ያለች ፍጡር) አንገት እጥፍ ሲል «ሞተች» ብላ ማልቀሷን ሳነብ አንጀቴን በላችው። አልሞተችም በላት!

የታጠፈው የእሷ አንገት አይደለም። ያ ፒካቹ የተባለውን ሌላ ፖኬሞን ጭንቅላት የሚመስል ጨርቅ ነው። እውነተኛዋ ሚሚኪዩ ያለችው ከታች፣ ሆድ በሚመስለው ቦታ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ እዚያ ጋ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የምታየው በእነሱ ነው። የመጀመሪያውን ምት ጨርቁ ይቀበልላታል። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጡት ፖኬሞን ሰን እና ሙን ጨዋታዎች ላይ ምንም አትጎዳም ነበር። ከእነሱ በኋላ ከወጡት ሶርድ እና ሺልድ ጨዋታዎች ወዲህ ግን ከሙሉ የሕይወት ነጥቧ አንድ ስምንተኛው ይቀነሳል።

ለምን ትደበቃለች ላልከው፣ ብቸኝነት ነው። ከጨርቁ ሥር ያለውን መልኳን ያየ ተመራማሪ ደንግጦ እንደሞተ ጨዋታው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ሁሉም የሚወደውን ፒካቹን መስላ ሰው ለመቅረብ ትሞክራለች። ክፋት የላትም፣ ሰው ናፍቋት ነው። ቁመቷ እኮ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት! ደግሞ የምትኖረው ፀሐይ በማይደርስበት ጨለማ ነው፤ የእኛ የጣና ዳር ፀሐይ የሚሆናት አይመስለኝም።

ማሸነፍ ካቃታችሁ፣ መጀመሪያ በቀላል ምት ጨርቁን አፍርሱ። ከዚያ የብረት ወይም የመንፈስ ዓይነት ምት ተጠቀሙ። ድራጎን፣ ኖርማልና ፋይቲንግ የሚባሉት የምት ዓይነቶች ግን አይነኳትም፤ አትልፉ።

እህትህ የራሷን ሚሚኪዩ ከፈለገች እኔ ጋ ትርፍ አለች። ስዊቻችሁን (የጨዋታ መሣሪያችሁን) ይዛችሁ ሐይቁ ዳር እንገናኝና እሰጣታለሁ።