የልደት (የገና) ካርድ ላይ ያለ ቅዱስ ሥዕል ይጣላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ጀርመን ነው። በየዓመቱ ለልደት የሚላኩልኝ ካርዶች መሳቢያ ሞልተዋል። ብዙዎቹ የእመቤታችንና የጌታችን ሥዕል አለባቸው። ልጥላቸው ስል ሕሊናዬ እንቢ ይለኛል። ሥዕሉን ቆርጬ አዲስ ካርድ ብሠራበትስ ነውር አለው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሕሊናሽ ልክ ነው፤ ግን ሁሉንም ካርድ አንድ አታድርጊው። ጥድ ወይም ደወል ብቻ ያለበት ተራ ወረቀት ነው፤ ሳትጨነቂ ጣዪው። ቅዱስ ሥዕል ያለበት ግን በማተሚያ ቤት በሺህ ቢባዛም ክብሩ ለተሣለው እንጂ ለወረቀቱ ስላልሆነ ከምግብ ትራፊ ጋር አይቀላቀልም።

ካርዱን በእጥፋቱ ለሁለት ክፈዪው። ጽሑፍ ያለበት ግማሽ ወደ ወረቀት ማጠራቀሚያ ይገባል፤ የአምላክ ስም ካለበት ግን ከሥዕሉ ጋር ይቆይ። የእኛ ካርድ «እንኳን ለጌታችን…» ብሎ ስለሚጀምር ብዙ ጊዜ ሁለቱም ግማሽ እጅሽ ላይ ይቀራል! ብልጭልጭ የተነሰነሰበት ከወረቀት ጋር አይጣልም። ሙዚቃ የሚያሰማው ውስጥ ትንሽ ክብ ባትሪ አለ፤ ሕፃን ከዋጠው ጉሮሮውን ያቃጥላልና አውጥተሽ ለባትሪ መሰብሰቢያ ስጪ።

ቆርጦ አዲስ ካርድ መሥራት ነውር የለውም። ጥፋቱ የሚመጣው ከፖስታው ጋር ይመጣጠን ተብሎ አክሊለ ብርሃኑ (በራሱ ዙሪያ ያለው የብርሃን ክብ) ወይም የሕፃኑ እግር ሲቆረጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሥዕሉን ለኪ፣ ፖስታውን በልኩ ግዢ። ፈሳሽ ማጣበቂያ ወረቀቱን ያሽበሽበዋል፤ በደረቅ ማጣበቂያ ጠርዝ ጠርዙን ቀብተሽ ከወፍራም መጽሐፍ ሥር አሳድሪው። በስጦታ መጠቅለያ ላይ ግን አትለጥፊው፤ ተቀዳዶ መጣሉ አይቀርም።

ቀኑንም አስቢ። የአውሮፓውያኑ ዲሴምበር 25 ለእኛ በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 16 ነው፤ ገና ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ልደት ታኅሣሥ 29፣ በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላል። «ታኅሣሥ 29» ብለሽ ብዙ ካርድ ጽፈሽ ካስቀመጥሽ ዘመነ ዮሐንስ በሆነው በ2020 ዓ.ም. አይሆንሽም።

ያረጀውን ሥዕል በንጹሕ ዕቃ አቃጥለሽ አመዱን ሰው በማይረግጠው ቦታ ቅበሪ። ፕላስቲክ የተለበጠውን አታቃጥዪ፤ ጭሱ መርዝ ነው። እሱንም፣ አፓርታማ ሆኖ ማቃጠያ ካጣሽ ሌላውንም፣ በፖስታ አድርገሽ ለአጥቢያሽ ቄሰ ገበዝ (የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያት ለሚጠብቁት ካህን) አስረክቢ። እስከ ዛሬ ሳታውቂ የጣልሻቸው ካሉ ለንስሓ አባትሽ ንገሪ እንጂ የቆሻሻ ገንዳ ልትፈትሺ አትሂጂ።