ጀሪካኑ ውስጥ ምን ነበረ?

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሳኒተሪያንነት ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ቃሉ፣ ባቲ እየተመላለስኩ ምንጭ ስመረምር፣ ሽንት ቤት ሳስቆፍር፣ ሥጋ ቤት ስቆጣጠር ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ ሁሉ ዛሬም ከዓይኔ የማይጠፋው አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው።

ቃሉ ውስጥ ባለች አንዲት መንደር የአንዲት እናት ሦስት ልጆች በአንድ ጠዋት ታመሙ። ያስመልሳቸዋል፣ ምራቃቸው ይዝረበረባል፣ ዓይናቸው ያለቅሳል። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ የተማርኩት ስለ ቆሸሸ ውሃ ነውና ሩጫዬ ወደ ምንጩ ሆነ። እናትየዋን «አብሽሪ፣ ውሃው ነው» ብያት ግማሽ ቀን ምንጩ ዳር ዋልኩ። ልጆቹን ያተረፋቸው እኔ ሳልሆን የጤና ጣቢያው ነርስ ነው። የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቦ አይቶ «ይሄ የፀረ ተባይ መርዝ ነው» አለና ማርከሻውን አትሮፒን ወጋቸው።

ማታ ቤቷ ስመለስ ጀሪካኑን አሳየችኝ። ከገበያ በርካሽ የገዛችው ነው፤ የሰብል መድኃኒት ነበረበት። «ወንድሜ፣ በኦሞ ሦስቴ አጥቤዋለሁ፣ በወይራም አጥኜዋለሁ እኮ!» አለችኝ። አልዋሸችም። ቅልና እንስራ የሚታጠነው እንደዚያ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው ሙያ ነው። ፕላስቲክ ግን ቅል አይደለም። መርዙን ወደ ውስጥ ይመጠውና ውሃ ሲቀመጥበት ቀስ እያለ መልሶ ይለቀዋል። ያቺ ሴት ንጽሕና አልጎደላትም፤ የጎደላት የሚነግራት ሰው ነው።

እኛ ወሎዎች ድርቅን እናውቃለን። የ66ን እና የ77ን ያየ ሽማግሌ ዳመናውን አይቶ፣ የከብቱን ዋጋ ሰምቶ የሚመጣውን ይገምታል። ለዝናብ ዱዓ አለን፣ ምህላ አለን። ሰው ለሠራው አደጋ ግን ከአያቶቻችን የወረስነው ነገር የለም። የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ሲሳይ መስሎ ነው።

እኛ በረሃብ ስናልቅ በዚያው በ1977 ዓ.ም. ኅዳር፣ ሕንድ ውስጥ ቦፓል በምትባል ከተማ ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ በሌሊት ጋዝ አምልጦ ሺዎች ሞቱ። ጋዙ ከአየር የከበደ ነበርና መሬት ለመሬት ተስቦ ከአጥሩ ሥር የተጠጉትን የድሃ ጎጆዎች ገባባቸው። ሕፃናቱ ይበልጥ ተጎዱ። ፊትን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን እንደሚረዳ እንኳ ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። የኮምቦልቻ ልጆች፣ ከአጥራችሁ ማዶ ምን እንደሚከማች ታውቃላችሁ? ፋብሪካ ይዘጋ እያልኩ አይደለም፤ እንጀራችን ነው። ጎረቤቴ በታንከሩ ምን እንዳስቀመጠ፣ ቢያፈስ ወደየት እንደምሮጥ ልጠይቅ ማለት ግን ጠላትነት አይደለም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡ።

ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ የሚለፋበትን ክሮምየም የሚባል ኬሚካል ብትጠይቁኝ፣ እንደ ቆሻሻ በስብሶ አያልቅም። ውሃው ይሄዳል፣ እሱ ደለሉ ላይ ይቀራል። ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ አይቆምም፤ በሐርቡና በከሚሴ አድርጎ አዋሽ ይገባል። ታች ያለው ገበሬ በዚያ ወንዝ ሽንኩርቱን ያጠጣል እንጂ ከፋብሪካው ደመወዝ አይበላም። እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ጥቅሙ ላይ፣ ጉዳቱ ታች።

ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ የሚመጣ ቦቴ ሲገለበጥ ደግሞ ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ አይጠፋም። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ላይ እንደዚሁ ቤንዚን ለመቅዳት የተሰበሰቡ ከ100 በላይ ሰዎች ነደው ሞቱ። የቤንዚን ትነት አይታይም፤ ቦይ ቦዩን ይዞ ይሄዳል፣ ርቆ የቆመ ሞተር ሳይክል ሲነሳ ያገኘዋል። ከሩቅ ሁኑ፣ የሚቀርበውንም መልሱ። ድሃን «አትቅዳ» ማለት ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ።

ደሴ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ፣ ብርዱን አውቀዋለሁ። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» ብላችሁ ምድጃውን አስገብታችሁ በር አትዝጉ። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ጭሱ ካለቀ በኋላም ከፍሙ ይወጣል። ራሳችሁን ካመማችሁ በር ከፍታችሁ ውጡ፤ «ትንሽ ልተኛ» አትበሉ።

ከጦርነቱ ወዲህ ሜዳ ላይ የሚገኘውን፣ ያልፈነዳ ቦምብ ሊሆን የሚችል ብረትም አትንኩት፣ አትርገጡት፣ ለቁርጥራጭ ነጋዴም አትሸከሙት። ቦታውን አስታውሳችሁ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ለፖሊስ ንገሩ።

ያንን ጀሪካን ውሃ እንዳይቀዳበት በሚስማር በሳሁት። ሴትዮዋ ዝም ብላ አየችኝና «እንግዲህ ነገ በምን ልቅዳ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ስመለስ ከደሴ ሁለት አዲስ ጀሪካን ገዝቼ ሄድኩ፤ አንዱን ለጎረቤቷ ሰጠችው። የጎረቤቷም ከዚያው ገበያ የተገዛ ነበር።