የነጣው መስታወትና የተንሻፈፈው ክንፍ

«ጋሼ» ይላል የደረሰኝ ጥያቄ፣ «አጎቴ ከዱባይ የዲሲ-3 አውሮፕላን መገጣጠሚያ አምጥቶልኝ ነበር፤ 1/72 የሚለውን፣ ከእውነተኛው 72 ጊዜ የሚያንሰውን። በሱፐር ግሉ ስገጣጥመው የግራው ክንፍ ተንሻፎ ተጣበቀ። የፊት መስታወቱ ደግሞ በማግስቱ ሳየው ጉም የለበሰ ይመስል ነጥቷል። በዚያ ላይ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ተጣብቀው በግድ ስለያያቸው ቆዳዬ ተላጠ። ጓደኛዬ ሁሉንም በአሴቶን አስለቅቀው ይለኛል። ላድርገው?»

አታድርገው። አሴቶኑን ገዝተኸው ከሆነ ሳትከፍት አስቀምጠው፣ እመለስበታለሁ። እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች የሚሠሩት ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። አሴቶን ሱፐር ግሉን ያሟሟል፣ እውነት ነው፤ ፖሊስታይሪኑን ግን ከእሱ ቀድሞ ይበላዋል። ካላመንክ ክፍሎቹ ተያይዘውበት ከመጡት የፕላስቲክ ዘንግ ቁራጭ ውሰድ፣ አንድ ጠብታ አሴቶን አድርግበትና በስንጥር እንጨት ነካ አድርገው። እንደ ታኘከ ማስቲካ ይሳባል። ክንፍህም እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ደግሞ ዕድለኛ ነህ። ለፕላስቲክ ሞዴል ተብሎ የሚሸጠው ቀጭን ማጣበቂያ ሁለቱን ጫፎች አቅልጦ አንድ አካል ያደርጋቸዋል፤ በእሱ አጣብቀኸው ቢሆን ኖሮ ከመጋዝ በቀር የሚያላቅቅህ አልነበረም። ሱፐር ግሉ ግን ፕላስቲኩ ላይ እንደ ቅርፊት ይቀመጣል እንጂ አያቀልጠውም። ቀጥ አድርገው ሲስቡት ንቅንቅ አይልም፤ ሲጠመዝዙት ግን እንደ ብስኩት ይሰበራል። ብርድ ሲያገኘው ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ አውሮፕላኑን በፌስታል ጠቅልለህ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው። (ለእናትህ አስቀድመህ ንገራቸው። እኔ አንድ ጊዜ ሳልናገር አስገብቼ ከሥጋው ጋር ወጥቶ ወለል ላይ ተፈጥፍጦ አግኝቼዋለሁ።)

ጠዋት እንዳወጣኸው፣ ሳይሞቅ፣ ክንፉን ከሥሩ ያዝና ቀስ እያልክ ጠምዝዘው። ከሥሩ ያልኩህ በምክንያት ነው። የዲሲ-3 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1/72 ሲሠራ 40 ሴንቲ ይሆናል። ጫፉን ይዘህ ብትጫነው መጋጠሚያው ሳይላቀቅ ክንፉ መሃሉ ላይ ይሰበራል። እሺ ካላለህ ስስ ምላጭ መጋጠሚያው ላይ አሳርፈህ በእርሳስ ጀርባ ኳ ኳ አድርገው፤ አትፈልቅቅ። ቀጭ የሚል ድምፅ ስትሰማ ተላቋል። ድምፁን ሳትሰማ ከሞቀብህ መልሰህ አስገባው። ከተላቀቀ በኋላ እንደ ብርጭቆ የቀረውን ቅርፊት በምላጭ ጠርገህ፣ በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። አሮጌ ግሉ ላይ አዲስ ግሉ መጨመር ዋጋ የለውም።

ወደ መስታወቱ ልምጣ። ብዙ ሰው ሱፐር ግሉ እንደ ቀለም ይደርቃል ይመስለዋል። አይደለም፤ የሚጠነክረው እርጥበት ሲያገኝ ነው፣ አየር ላይ ያለችው ትንሽ እርጥበት ትበቃዋለች። እ.ኤ.አ. በ1942 ኮዳክ በተባለው የፎቶ ፊልም ኩባንያ ውስጥ ኬሚስቱ ሃሪ ኩቨርና ባልደረቦቹ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ አገኙትና፣ የነካውን ሁሉ እየያዘ ስላስቸገራቸው ተዉት። ማጣበቂያ ሆኖ ገበያ የወጣው በ1958 ነው። እና ሳይጠነክር በፊት ጥቂቱ ይተናል፤ ትነቱ በአካባቢው ያለ ገጽ ላይ ያርፍና እዚያው ነጭ ሆኖ ይጠነክራል። በተለይ ጣት የነካው ቦታ ይወድለታል፤ ፖሊሶች የተደበቀ የጣት አሻራ ከሚያወጡባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው። አንተ ደግሞ ብዙ ግሉ አድርገህ ዘጋኸው፤ ትነቱ መውጫ አጥቶ መስታወቱ ላይ ተኛ።

ንጣቱ ከውጭ ከሆነ በለስላሳ ጨርቅ ትንሽ የጥርስ ሳሙና አድርገህ በትዕግሥት አሸው፤ ይለቃል። ከውስጥ ከሆነ መስታወቱንም በፍሪዘሩ መንገድ ማውጣት አለብህ፣ ስስ ስለሆነ ግን ተጠንቀቅ። ስትመልሰው ሱፐር ግሉ አታስጠጋው። እንጨት ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ነጩን ኮላ በመርፌ ጫፍ ዳር ዳሩን ቀባው፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ መስታወት የሚያነጣ ትነት የለውም፣ ከተሳሳትክም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። እኔ የምተዳደርበት የሕንጻ ሞዴል ላይ መስኮት በሱፐር ግሉ የሚያጣብቅ ሠራተኛ ካየሁ ቱቦውን ነው የምቀማው።

ለቀረው ሥራ፣ ከቱቦው በቀጥታ አትጨምቅ። የሃይላንድ ክዳን ገልብጠህ አንድ ጠብታ አድርግበት (ያ ዓይነቱ ፕላስቲክ ሱፐር ግሉ አይዘውም)፣ ከዚያ በመርፌ ጫፍ የጤፍ ፍሬ የምታህል እያነሳህ አስነካ። ሲበዛ ይጠነክራል ማለት ስህተት ነው፤ ሲበዛ ውስጡ ሳይጠነክር ቆይቶ ሲተን ይውላል። ክፍሎቹን አስቀድመህ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠባቸው፣ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት አለባቸው። ቶሎ አልይዝ ካለህ መጋጠሚያው ላይ ሃ ብለህ ተንፍስበት።

ጣት ሲጣበቅ መጎተት ነው ቆዳ የሚልጠው። ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክረህ ቆይና በሁለቱ ጣቶች መካከል ዱልዱም ጫፍ ያለው ነገር፣ የማንኪያ እጀታ ለምሳሌ፣ ቀስ እያልክ አንከባልል። የቀረው ቅርፊት በቀናት ውስጥ ከቆዳው ጋር ራሱ ይረግፋል። ዓይን ላይ ከተረጨ ግን ወሬ የለም፦ በለብታ ውሃ 15 ደቂቃ እጠብ፣ ሽፋሽፍቱ ቢጣበቅም አትፈልቅቅ፣ አሴቶን ብሎ ነገር ዓይንህ አጠገብ እንዳይደርስ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም። አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ላይ የሚረጨው የተደፈነ ቱቦ በኃይል ሲጨመቅ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ በጥርስ መክፈት፤ አይቻለሁ፣ ከንፈሩ ተጣብቆ በእጁ ምልክት ሲያወራ የዋለ ሰው። የተደፈነ የቱቦ አፍ በጋለ መርፌ ሳይሆን በሹል ምላጭ ጫፉን ቆርጦ ነው የሚከፈት።

ጥጥ ሌላ ጉድ ነው። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ሲፈስ ክሮቹ መካከል በአንድ ጊዜ ይጠነክርና ኃይለኛ ሙቀት ያወጣል፤ ይጨሳል። በነሐሴ ብርድ ጋቢ ደርቤ ስሠራ ቱቦው ጉልበቴ ላይ ተገለበጠብኝ። መጀመሪያ ያየሁት ጭሱን ነው፣ ከዚያ ነው ያቃጠለኝ። ጋቢውን ገፍፌ ቀዝቃዛ ውሃ ባፈስበትም የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ የጥጥ ጓንት አታድርግ፣ የፈሰሰውንም በጥጥ አትጥረግ፣ ጋቢውንም ወንበሩ ላይ ተወው።

ያልተከፈተ ቱቦ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። አውጥተህ ወዲያው አትክፈተው፤ እስኪሞቅ ጠብቅ፣ አለዚያ የቀዘቀዘው ቱቦ እርጥበት ይስብና ውስጥ ለውስጥ ይጠነክርብሃል።

አሴቶኑን ለመርፌህና ለምላጭህ አውለው፤ ብረት ላይ የደረቀውን ሱፐር ግሉ ጥቂት ነክረህ ስታቆየው ያለሰልሰዋል። ብቻ ቤት ውስጥ ቡና እየተቆላ አትክፈተው። ትነቱ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ፣ ከከሰሉ ርቀህ በረንዳ ውጣ።